የጠፋ አቋም እንዴት ይመለሳል?

ስኮትላንድ ውስጥ በሴንት አንድሩስ ከተማ በሚገኘው ኦልድ ኮርስ የመጀመሪያውና የ18ኛው ጉድጓድ አንድ ሜዳ ይጋራሉ። የሜዳው ስፋት ከ100 ሜትር ያልፋል። በታላላቅ ውድድሮች ላይ የመጀመሪያ ኳስ ለመምታት ከዚህ የሰፋ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። በ1995 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) እዚያ በተካሄደው የብሪታንያ ኦፕን አውስትራሊያዊው ኢያን ቤከር ፊንች የመጀመሪያ ኳሱን መታ። ኳሷ ወደ ግራ ታጥፋ፣ ያን ሁሉ ሜዳ አቋርጣ፣ ከወሰን ውጭ ወጣች። ሰውየው ጀማሪ አልነበረም። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በሮያል በርክዴል ይህንኑ ውድድር አሸንፏል፤ በመጨረሻው ቀን የመጀመሪያዎቹን 9 ጉድጓዶች በ29 ምት ብቻ ጨርሶ ነበር። በ1997 በሮያል ትሩን የመጀመሪያውን ዙር በ92 ምት ጨረሰ፤ ከደህና ባለሙያ የሚጠበቀው 71 ነበር። በነጋታው አልተመለሰም። የተወዳዳሪነት ዘመኑም በዚያው አበቃ ማለት ይቻላል።

በእነዚያ ዓመታት ቤከር ፊንች በልምምድ ሜዳ ላይ ኳሱን እንደ ቀድሞው አሳምሮ ይመታ ነበር። ምቱ የሚጠፋው ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ ሲሄድ ነው። ክንዱ አልደከመም፣ የተማረውንም አልረሳም ማለት ነው። ጎልፍ የሚጫወት ሰው ሁሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚወጣውም ጭምር፣ የዚህን ቀለል ያለ መልክ ያውቀዋል። ባለፈው ወር ሳያስብበት ሜዳው መሐል የሚያርፈው ኳስ አሁን ዛፍ ውስጥ ይገባል፤ ከ1 ሜትር ስቶት የማያውቀው ጉድጓድ ይስተዋል፤ ዱላውን ባነሳ ቁጥር ልቡ ይጠራጠራል። ስለዚህ ጉዳይ የማምነውን ከወዲሁ ልናገር፦ አቋም የሚወርደው በትንሽ ነገር ነው፤ ወርዶ እንዲቀር የሚያደርገው ግን የመድኃኒቱ ብዛት ነው።

ነገሩ እንዴት በትንሽ እንደሚበላሽ ለማየት ከምቱ እንጀምር። የጎልፍ ኳስ ክብደት 46 ግራም አይሞላም። ድራይቨር የሚባለው ረጅሙ ዱላ በወንድ ባለሙያዎች እጅ በሰዓት ወደ 180 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይመጣል። ዱላውና ኳሷ የሚነካኩት ለግማሽ ሺኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት የኳሷን መንገድ በዋናነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የዱላው ፊት ወዴት ያይ እንደነበርና ዱላው ራሱ ወዴት ይጓዝ እንደነበር። ኳሷ የምትነሳው በአብዛኛው ፊቱ ወዳየበት ነው። የፊቱና የጉዞው አቅጣጫ ከተለያዩ ደግሞ አየር ላይ ትታጠፋለች። ከዱላው ፊት መሐል ርቃ ከተመታች ችግሩ ይደራረባል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የዱላው ፊት በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዞር፣ አየር ላይ የምትታጠፈውን ሳንቆጥር፣ 200 ሜትር ላይ ኳሷ ከታሰበላት መስመር 3.5 ሜትር ትርቃለች። በ3 ዲግሪ ከ10 ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ሜዳው መሐል በማረፍና ዛፍ ውስጥ በመግባት መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ነው። ግሪን ላይም፣ ማለትም ሣሩ አጥሮ በታጨደው የጉድጓዱ ዙሪያ፣ ያው ነው። የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው። ከ3 ሜትር ርቀት ፓት ስናደርግ፣ ኳሷን በመሬት ወደ ጉድጓዱ ስናንከባልል ማለቴ ነው፣ የ1 ዲግሪ ስሕተት ኳሷን ከመሐል 5.2 ሴንቲ ሜትር ያርቃታል። ከጉድጓዱ መሐል እስከ ጠርዙ ያለው ደግሞ 5.4 ሴንቲ ሜትር ነው። በ1 ዲግሪ ኳሷ ጠርዙን ይዛ ትገባ ይሆናል፤ በ2 ዲግሪ አትገባም። ሁለቱን ዲግሪዎች በዓይን መለየት የሚችል ሰው አላጋጠመኝም።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ዱላው ከላይ ተነሥቶ ኳሷ ላይ እስኪደርስ የሚወስደው ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። ሰው አንድ ነገር አይቶ እጁን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ጊዜም ከዚያ ብዙ አያንስም። ስለዚህ ዱላው መውረድ ከጀመረ በኋላ በሐሳብ የሚታረም ነገር የለም። ቀሪው ሁሉ ከዚያ በፊት የተወሰነ ነው፤ በአቋቋም፣ በአያያዝ፣ በኳሷ ቦታ፣ አካል በዓመታት በተማረው ቅደም ተከተል። ዱላው እየወረደ ሳለ "ክንዴን ላስተካክል" የሚል ሰው የሚያስተካክለው ነገር የለም፤ የሚሠራውን ያውካል እንጂ።

ወደ መድኃኒት ከመሄድ በፊት ግን ብዙ ሰው የሚዘለው ጥያቄ አለ፦ አቋሙ በእርግጥ ወርዷል ወይ?

በአሜሪካው ፒጂኤ ቱር የሚወዳደሩት ምርጦች እንኳ ከ2.4 ሜትር ርቀት ከሚያደርጉት ፓት የሚያስገቡት ግማሽ ያህሉን ነው። እንግዲህ ልክ በዚህ ችሎታ ላይ ያለ ሰው በዚያ ርቀት 10 ጊዜ ሞከረ እንበል። ችሎታው ቅንጣት ሳይለወጥ ከ10ሩ 3 ወይም ከዚያ በታች ብቻ የሚያስገባበት ዕድል 17 በመቶ ነው። ከስድስት ቀን በአንዱ ይደርስበታል ማለት ነው። በዚያው መጠን 7 ወይም ከዚያ በላይ የሚያስገባበት ቀን አለ። 3 ያስገባ ዕለት "እጄ ተበላሸ" ይላል፤ 7 ያስገባ ዕለት "ምሥጢሩ ገባኝ" ይላል። ሁለቱም ቀን እጁ ያው እጅ ነው።

ከዚህ የሚወለድ ጠንቅ አለ። ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚነሣው እጅግ መጥፎ ከሆነ ቀን በኋላ ነው። እጅግ መጥፎ የሆነን ቀን የሚከተለው ቀን ደግሞ፣ ምንም ባይደረግም፣ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነው። በመካከል የተገዛ አዲስ ፓተር (የፓት ዱላ)፣ ጓደኛ የሰጠው ምክር፣ ቪዲዮ ላይ የታየ የአያያዝ ለውጥ ምስጋናውን ይወስዳል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሌላ መጥፎ ቀን ሲመጣ "መድኃኒቱ አለቀ" ተብሎ ሌላ ይፈለጋል። ሰውየው በዓመቱ መጨረሻ አምስት የተለያዩ ምክሮችን በአንድ ምት ውስጥ ለማስገባት ሲታገል ይገኛል። ይህን ያየሁባቸው ሰዎች በጨዋታው ከልብ የሚደክሙ ናቸው፤ እየወረዱ ያሉት ስለሰነፉ ሳይሆን ስለተጉ ነው። ለዚህም ነው ጉዳዩ የሚያንገበግበኝ።

ሃንዲካፕም፣ ማለትም የተጫዋቹን ችሎታ የሚያሳየው ቁጥር፣ ያሳስታል። ከ2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የዓለም ሃንዲካፕ ሥርዓት የአንድ ተጫዋች ሃንዲካፕ የሚወጣው ከመጨረሻዎቹ 20 ዙሮች ምርጥ 8ቱ ተመርጠው ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ደኅና ቀኖቹ ነው፤ ስለ አማካዩ አይደለም። ስለዚህ ጤነኛ አቋም ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ዙር የሚጨርሰው ከሃንዲካፑ በላይ በሆነ ምት ነው። በየሳምንቱ ሃንዲካፑን ልክ መጫወት አለብኝ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ምንም ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ አቋሙ የወረደ ይመስለዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይጻፍ። ከኪስ በማይበልጥ ማስታወሻ ላይ፣ ቢያንስ ለአንድ ወር። ስንት የመጀመሪያ ምት ጠፋ ወይም ከወሰን ወጣ? ግሪኑ ላይ በሚጠበቀው የምት ቁጥር የደረሰው ስንት ጊዜ ነው? ከግሪኑ አጠገብ ሆኖ በአንድ አጭር ምትና በአንድ ፓት የጨረሰው ስንት ጊዜ ነው? በስንት ጉድጓድ ላይ ሦስት ፓት አደረገ? ይህ ቆጠራ ሰውየውን ብዙ ጊዜ ያስደንቀዋል። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ብሮዲ እጅግ ብዙ የፒጂኤ ቱር ምቶችን መርምሮ እንዳሳየው፣ ምርጦቹ ከሌሎቹ ከሚበልጡበት ነገር 40 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ወደ ግሪን በሚላኩት ምቶች ላይ ነው፤ የፓት ድርሻ 15 በመቶ ገደማ ነው። ሰው ግን የሚያስታውሰው የሳታትን አጭር ፓት ነው፤ ስለምታም። ግሪኑን በ20 ሜትር የሳተው ምት ይረሳል፣ የሳታት የ1 ሜትር ፓት ግን እንቅልፍ ትነሳለች። ከዚያ ማክሰኞ ሄዶ ሁለት ሰዓት ፓት ይለማመዳል። የጎደለው ሌላ ቦታ ነው።

ቆጠራው መውረዱ እውነት መሆኑን ካሳየ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ኳሷ ከመመታቷ በፊት ያለውን ነገር ነው። ጎልፍ ተጫዋች የሚቆመው ከኳሷ ጎን ስለሆነ ወደ ዒላማው የሚያየው አንገቱን አዙሮ ነው። ዓይን በዚህ አኳኋን በቀላሉ ይሳሳታል። በቀኝ የሚመታ ሰው ትከሻውና እግሩ ሳያውቀው ቀስ በቀስ ወደ ዒላማው ቀኝ ይዞራሉ፤ በአንድ ቀን ሳይሆን በወራት። ኳሷ ወደ ቀኝ መሄድ ትጀምራለች፤ አካሉም ብልህ ነውና ያለ ትእዛዝ ያርመዋል፤ እጆቹ በመምቻው ቅጽበት ዱላውን ወደ ግራ መጎተት ይማራሉ። አሁን ሁለት ጥፋቶች አሉ፤ እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ ኳሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ተጫዋቹም ደስ ብሎት ይኖራል።

ችግሩ የሚፈነዳው ከሁለቱ አንዱ ሲነቀነቅ ነው። አንድ ቀን ድካም ወይም ጭንቀት እጁን ያዘገየዋል፤ ኳሷ ወደ ቀኝ ትበራለች። በሚቀጥለው ምት እጁ ይፈጥናል፤ ወደ ግራ ትታጠፋለች። በሁለቱም በኩል መሳት ማለት ይህ ነው። ጎልፍ ተጫዋቾች ከምንም በላይ የሚፈሩትም እሱን ነው፤ አንድ ወገን ብቻ የሚስት ሰው ወደ ሌላው ወገን አልሞ መኖር ይችላልና። በዚህ ጊዜ ሰውየው የሚያየው የእጁን መጎተት ነው፤ እጁን ያክማል። እጁ ግን ጥፋተኛ አይደለም፤ የአቋቋሙን ጥፋት ሲሸፍን የኖረ ነው። እጁ "ሲድን" ኳሷ በሙሉ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ አዲስ መድኃኒት ይፈለጋል። አዘውትሮ አቋምን የሚቀብረው ይህ ክበብ ነው ብዬ አምናለሁ።

መፍትሔው ርካሽ ነው። መሬት ላይ ሁለት ቀጭን ዘንጎች ያስቀምጡ፤ አንዱ ወደ ዒላማው ያመልክት፣ ሌላው ከእግርዎ ጣቶች ፊት ትይዩ ይሁን። ሰው ከኋላዎ ሆኖ በስልኩ ፎቶ ያንሳዎት። በስሜት አይፍረዱ፤ ከወራት ጠማማነት በኋላ ትክክለኛው አቋቋም ጠማማ ሆኖ ነው የሚሰማው። ይህ ስሜት ለጥቂት ቀናት ይቆያል፣ ኳሷም ወደ ግራ ትሄድ ይሆናል፤ እጆቹ ገና የድሮውን ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ታግሦ ማለፍ ነው። ከዘንጎቹ ጋር ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ፦ ዱላውን እንዴት እንደያዙ፣ ኳሷ በእግሮችዎ መካከል የት እንዳለች፣ ከኳሷ ምን ያህል እንደራቁ። ጃክ ኒክላውስ፣ 18 ታላላቅ ውድድሮችን ያሸነፈው ሰው፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ከልጅነት አሰልጣኙ ከጃክ ግራውት ዘንድ እየሄደ ከአያያዝ ጀምሮ እንደ ጀማሪ ይማር ነበር። አቋሙ እስኪወርድ አይጠብቅም ነበር። ከኒክላውስ ልማዶች ሁሉ አማተር ተጫዋች ያለ ምንም ተሰጥኦ ሊወርሰው የሚችለው ይህን አንዱን ነው።

አንዳንዴ ምክንያቱ አካል ነው፤ ይህም በቶሎ ይጣራ። ዴቪድ ዱቫል በ1999 የዓለም ቁጥር 1 ነበር፤ በዚያው ዓመት አንድ ዙር በ59 ምት ጨርሷል፤ በ2001 ደግሞ የብሪታንያ ኦፕንን አሸነፈ። ከዚያ ወረደ፤ በእነዚያ ዓመታት ጀርባው፣ የእጅ አንጓውና ትከሻው ታመዋል። የታመመ አካል ሕመሙን የሚሸሽ ምት ይማራል፤ ሕመሙ ሲለቅ የሽሽቱ ምት ይቀራል። ዱቫል በ2009 የዩኤስ ኦፕን በዓለም 882ኛ ደረጃ ላይ ሆኖ ገብቶ ከሁለት ሰዎች ጋር እኩል ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ በፒጂኤ ቱር ድል አላገኘም፤ ግን ያ ሳምንት ከስምንት ዓመት መጥፋት በኋላም ችሎታው እዚያው እንደነበር አሳይቷል። ጀርባዎ ወይም ክርንዎ የሚያምዎት ከሆነ ከጎልፍ አሰልጣኝ በፊት ሐኪም ይዩ።

አቋቋሙ ተስተካክሎ፣ አካሉ ጤነኛ ሆኖ ምቱ ሳይመለስ ሲቀር ወደ አእምሮ እንመጣለን። "በራስህ እመን" የሚለው ምክር እዚህ ብዙም አይረዳም፤ የአሠራሩን ጉዳይ መረዳት ይረዳል። በደንብ የተለመደ እንቅስቃሴ ያለ ቁጥጥር ይሠራል። እንጀራ የምትጋግር እናት ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሐል ስታፈስ የእጅ አንጓዋን አታስብም፤ ዓይኗ ሊጡ በሚሠራው ክብ ላይ ነው። አንጓዋን እንዴት እንደምታዞር እየተከታተለች ብታፈስ ክቡ ይበላሻል። ሳይኮሎጂስቷ ሲያን ባይሎክና ባልደረቦቿ ይህንኑ በፓት ፈትነውታል። ልምድ ያላቸው ጎልፍ ተጫዋቾች ስለ ምታቸው አካሄድ እንዲያስቡ ሲታዘዙ ባሰባቸው፤ በጎን ከድምፅ ማጫወቻ የሚመጣ ቃል እንዲከታተሉ ሲደረግ ወይም ቶሎ እንዲመቱ ሲነገራቸው ተሻላቸው። ጀማሪዎቹ ተቃራኒ ነበሩ፤ እነርሱን ማሰብና መዘግየት ጠቀማቸው። ለዚህ ነው ለጀማሪ የሚሰጥ ምክር ለቆየ ተጫዋች መርዝ የሚሆነው። አቋሙ የወረደ ሰው ግን የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ኳሷ ላይ ቆሞ ይዘገያል፣ የአካሉን ክፍሎች አንድ በአንድ ይመረምራል።

ታዲያ ሐሳብን የት እናድርገው? የእንቅስቃሴ ትምህርት ተመራማሪዋ ጋብሪዬል ቩልፍ ለብዙ ዓመታት እንዳሳየችው፣ ትኩረቱን ከአካሉ ውጭ ያደረገ ሰው ይሻላል። በ1999 በታተመ አንድ ጥናቷ አጭር የጎልፍ ምት የሚማሩ ሰዎች በሁለት ተከፍለው ነበር፤ ስለ ክንዳቸው ካሰቡት ይልቅ ስለ ዱላው መወዛወዝ ያሰቡት የተሻለ መቱ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በተግባር ግን ትልቅ ነው። "ክርኔን ልሰብስብ" ከማለት "ኳሷ ከዚያ ዛፍ ጫፍ ግራ ትነሣ" ማለት። ፓት ላይ "አንጓዬ አይታጠፍ" ከማለት ኳሷ በጉድጓዱ የትኛው ጠርዝ በኩል እንደምትገባ ማየት። ካናዳዊቷ ጆአን ቪከርስ ደግሞ የዓይን አኳኋንን መዝግባ ጥሩ ፓት አድራጊዎች ከመምታታቸው በፊት ዓይናቸውን ኳሷ ላይ ለሁለት ሰከንድ ያህል ጸጥ አድርገው እንደሚያሳርፉ አሳይታለች። የደካማ ፓት አድራጊዎች ዓይን ግን ይቅበዘበዛል፤ ወደ ጉድጓዱ፣ ወደ ዱላው፣ ተመልሶ ወደ ኳሷ። ይህን ያለ መሣሪያና ያለ ክፍያ ዛሬ ማታ ምንጣፍ ላይ መሞከር ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ ሌላ ችግር አለ፤ ጎልፍ ተጫዋቾች ዪፕስ ይሉታል። በአጭር ፓት ጊዜ እጅ ሳይታዘዝ ይንቀጠቀጣል ወይም ይወረወራል። የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ባጠኑት መሠረት ምንጩ ለሁሉም አንድ አይደለም፤ ለአንዳንዱ ጭንቀት ነው፣ ለሌላው ግን ጸሐፊዎችንና ሙዚቀኞችን እንደሚይዘው ዓይነት የጡንቻ ትእዛዝ መዛባት ነው። ሁለተኛውን "ተረጋጋ" በማለት ማዳን አይቻልም። ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር በወጣትነቱ ይህ ያዘው፤ በሥራ ዘመኑም ደጋግሞ ተመለሰበት። እሱ ያደረገው የእጁን አያያዝ መቀየር ነው፤ አንድ ጊዜ የግራ እጁን ከቀኙ በታች አደረገ፣ ሌላ ጊዜ የዱላውን እጀታ በቀኝ እጁ ከግራ ክንዱ ጋር አጣብቆ ያዘ፣ በኋላ ረጅም ፓተር ያዘ። በ1985 እና በ1993 ከታላላቅ ውድድሮች አንዱ የሆነውን ማስተርስን አሸነፈ። የአያያዙ መለወጥ የሚሠራበት ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ አዲሱ እንቅስቃሴ ሌሎች ጡንቻዎችን ስለሚጠራ የተበላሸው ትእዛዝ አይቀሰቀስም። እጅ ሲንቀጠቀጥ አያያዝን መቀየር ሽንፈት አይደለም፤ ሊሞከር የሚገባው መፍትሔ ነው።

አሁን ወደ ልምምድ። ብዙ ሰው አንድ ባልዲ ኳስ ይገዛና በአንድ ዱላ ወደ አንድ አቅጣጫ ሃምሳ ጊዜ ይመታል። ከአሥረኛው በኋላ ኳሶቹ ያምራሉ፤ "ተመለሰ" ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ግን አንድ ምት ከሚቀጥለው በዱላም፣ በርቀትም፣ በመሬቱም ይለያል፤ በመካከሉም ብዙ ደቂቃ ይራመዳል። ሁለተኛ ዕድልም የለም። በ1979 ሺያና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች በእጅ እንቅስቃሴ እንዳሳዩት፣ አንዱን ሥራ ደጋግሞ የሚለማመድ ሰው በልምምዱ ጊዜ ይበልጣል፤ እያቀያየረ የተለማመደው ግን በኋላ ሲፈተን ይበልጣል። ልምምዱ ላይ ማማር ስለ መማር ብዙም አይነግርም። ቤከር ፊንችን የመሰለ ታላቅ ተጫዋች በልምምድ ሜዳ ላይ እያማረ ውድድር ላይ መጥፋቱ ምን ያህል ለብቻው በልምምድ ዓይነት እንደሚገለጥ አልፈርድም፤ ለቅዳሜ ተጫዋች ግን አብዛኛው ምሥጢር እዚህ ነው። 30 ኳስ ብቻ ይውሰዱ። በየኳሱ ዱላውን ይቀይሩ፤ ከኋላ ቆመው ዒላማ ይምረጡ፤ ሜዳ ላይ እንደሚያደርጉት ሁሉ ይቅረቡ፤ አንዴ ብቻ ይምቱ፤ ዒላማው ውስጥ የገባውን ይቁጠሩ። አድካሚ ነው፤ ኳሶቹም መጀመሪያ ያስከፋሉ።

ሜዳ ላይ ደግሞ ጉዳቱን ማሳነስ ነው። ድራይቨሩ የሚያስፈራ ከሆነ ለጥቂት ሳምንታት ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ የሚያምኑትን አጭር ዱላ ይዘው ይጀምሩ፤ ከፊተኛው መነሻ ይጫወቱ። ሜዳው ሲያጥር ጥሩ ምት የሚያዩበት ጊዜ ይበዛል፤ ይህ ስሜትን ማባበል ብቻ አይደለም። በ2008 ጄሲካ ዊትና ባልደረቦቿ ዙራቸውን የጨረሱ ተጫዋቾችን ከተለያዩ ክቦች መካከል የጉድጓዱን መጠን እንዲመርጡ ጠየቁ፤ በዚያ ቀን ጥሩ የተጫወቱት ትልቁን መረጡ። ውጤትና ዕይታ ተያይዘው ይሄዳሉ።

የወረደ አቋም ምን ያህል ጊዜ ወስዶ እንደሚመለስ የባለሙያው የሪኪ ፋውለር ታሪክ ያሳያል። በየካቲት 2019 ፊኒክስ ላይ አሸነፈ፤ ከዚያ ጠፋ። በዓለም እስከ 185ኛ ወረደ፤ ማስተርስም ሳይጠራው ቀረ። በመካከል ምቱን ለመለወጥ ለብዙ ጊዜ ሠርቶ ነበር። በ2022 ወደ ቀድሞ አሰልጣኙ ቡች ሃርሞን ተመለሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ የካዲውን (በጨዋታ ጊዜ ቦርሳውን የሚይዝለትን ረዳቱን) ፓተር ሞክሮ ወደደውና ተመሳሳዩን ያዘ፤ በሐምሌ 2023 ዲትሮይት ላይ በመለያ ጨዋታ አሸነፈ። ከድል እስከ ድል አራት ዓመት ከአምስት ወር። ስለ አዲስ ፓተር ከላይ ካልኩት ጋር የሚጋጭ የሚመስለው ካለ፣ እኔ የማከብረው ቅደም ተከተሉን ነው፦ መጀመሪያ የሚያውቀው ዓይን፣ ከዚያ ለወራት የተያዘ አንድ ሥራ፣ መሣሪያው በኋላ። ጆርዳን ስፒዝም ከ2017ቱ የብሪታንያ ኦፕን ድሉ እስከ ሚያዝያ 2021 ድረስ ሳያሸንፍ ቆይቶ ቴክሳስ ላይ ሲመለስ አብሮት የነበረው ከልጅነቱ ያሠለጠነው ካሜሮን ማኮርሚክ ነበር።

እነዚህ በዓለም ምርጥ አሰልጣኝ፣ በሙሉ ጊዜና በሙሉ ገንዘብ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ያም ሆኖ ዓመታት ወሰደባቸው። በሳምንት አንዴ የሚወጣ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልዳንኩ ብሎ አሰልጣኝ መቀየር የለበትም። አሰልጣኝ ዘንድ ሲሄዱ የአንድ ወር ማስታወሻውን፣ ከኋላ የተነሣ ፎቶና ከተቻለ ደኅና በነበሩበት ጊዜ የተቀረጸ ቪዲዮ ይዘው ይሂዱ። ከእርሱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ሁለተኛውን ሊነግርዎት ቢጀምር በትሕትና ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲያቆየው ይንገሩት። ያንን አንድ ነገር ለስድስት ሳምንት ይያዙት፤ በልምምድ ሜዳ ላይ ብቻ ያስቡት። ጨዋታ ሲሆን ዒላማውን ብቻ ያስቡ፤ ማስታወሻውን ግን አያቋርጡ፤ በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ከመጀመሪያው ወር ቁጥሮች ጋር ያስተያዩትና ከዚያ በኋላ ብቻ ስለሚቀጥለው ለውጥ ይወስኑ።